እማዬ ጋ አልመሸም

አባቴ ቢቂላ ግትር ነው። ይህን ስል እየተሳደብኩ አይደለም፤ ግትርነቱን ከልጆቹ ሁሉ አብልጬ የወረስኩት እኔ ሄሊና ነኝና። ያን ማክሰኞ ያሳየን ግትርነት ግን ሌላ ነበር። ምሳ አቅርቤ፣ ማስታጠቢያውን ይዤ ፊቱ ቆሜ እያለሁ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ወደ በረንዳ ወጣ።

«አልበላም።»

«ምን ሆነህ?»

«እናትሽ ሳትደርስ አልበላም።»

እናቴ አሰጋሽ ያን ዕለት ጠዋት ከቦሌ ተነስታ ወደ ሳኦ ፓውሎ እየበረረች ነበር። ታላቅ እህቴ ማኅደር እዚያ ብራዚል ውስጥ ወልዳለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ እማዬም ልታርሳት ነው የሄደችው። ማኅደር ድሮ እዚሁ ሸገር፣ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ገስት ሃውስ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ራፋኤል የሚባል ብራዚላዊ መሐንዲስ ለሁለት ወር ብሎ መጥቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ ሲመለስ እህቴን ይዟት ሄደ። እማዬ ስሙ የመልአክ ስም ነው ብላ ገና ሳታየው ወደደችው። አባዬ ደግሞ ብራዚል የት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ሩቅ ነው ብለነዋል፤ ሩቅ ነው ማለት በቂው ነበር።

አባዬና እማዬ አንዱ ያለ አንዱ ሲበላ ያየ ሰው በሰፈራችን የለም። እሷ ገበያ ከዋለች እሱ እስኪመሽ ይጠብቃታል። እሱን የእድር ስብሰባ ካቆየው እሷ ድስቱን ከድና ትቀመጣለች። ሲጣሉ እንኳ ፊታቸውን አዙረው፣ ሳይነጋገሩ፣ ከዚያችው ከአንዷ ትሪ ነው የሚበሉት። እኛ ልጆቻቸው በዚህ እየሳቅን ነው ያደግነው።

ያን ቀን ግን አላሳቀኝም። አባዬ ስኳር አለበት። የምሠራው ወሎ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ ኪኒኑን ውጦ ምግብ የዘለለ የስኳር በሽተኛ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት እህል ሳይቀምስ ውሎ ድንኳን ውስጥ ተዝለፍልፎ ወድቋል። ሐኪሙ ያኔ ለእኔና ለወንድሜ ለብቻችን ነው የነገረን፤ ሁለተኛ እንዲህ ከወደቀ ላይነሳ ይችላል አለን። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ኪኒኑን ውጧል። የበላውም ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከእማዬ ጋር፣ ወደ ቦሌ ከመሄዳችን በፊት።

«ስንት ሰዓት ትደርሳለች ነው ያለው ኡርጌሳ?» አለኝ ከበረንዳው።

«አሥር ሰዓት።»

«አሥር ሰዓት እበላለሁ እንግዲህ።»

ኡርጌሳ ወንድሜ ነው። ባንክ ይሠራል፤ እንደ ባንክ ሰው ሁሉ የማያውቀው ነገር የለም። የእማዬን ትኬት ያነበበልን እሱ ነው። ትኬቱ አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሌ ተነስቶ አሥራ ስድስት ሰዓት ላይ ሳኦ ፓውሎ ይደርሳል ይላል። ይህ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን በሸገር የማያውቅ የለም፤ ስድስት ትቀንሳለህ፣ አለቀ። ከፊደል ቀጥሎ የተማርነው ስድስት መቀነስን ይመስለኛል። ኡርጌሳም ቀነሰ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ትነሳለች፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ትደርሳለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ዱባይ ደርሰው የመጡ ጎረቤቶቻችን አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ይላሉ፤ ብራዚል ትንሽ ይርቃል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ማን ይገረማል? ማንም አልተገረመም።

እኔም አሰብኩ። አሥር ሰዓት ሩቅ አይደለም። ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁት፤ ለጊዜው ደህና ነው። ወጡን እማዬ ራሷ ሌሊት ተነስታ ሠርታ የተወችልን ነበር፤ መልሼ ከደንኩት።

በረንዳው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ሰፈር ሕንፃ ከመብቀሉ በፊት የአባዬና የአባቱ እርሻ ነበር፤ አሁንም ሰው መንገድ ሲጠይቀው በብሎክ ቁጥር አይመራም፤ ሽምብራው ጋ፣ ጤፉ ጋ ይላል። አውሮፕላን በራሱ ላይ ሲያልፍ ነው ያረጀው። በሞፈር ዘመኑም ሆነ ዛሬ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። ያን ዕለት ግን አንድም አልዘለለም። ያለፈውን ሁሉ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

«ጠዋት በሩ ላይ ምን አልካት?» አልኩት። ተርሚናሉ በር ላይ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ሲላት አይቼዋለሁ።

«ነጋን ገሊ አልኳት።» በሰላም ግቢ ማለት ነው። «ሌላ ምን እላታለሁ?»

አሥር ሰዓት ሆነ። ስልክ አልጮኸም። ለማኅደር ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ራፋኤል ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ቢያነሳስ ምን እንነጋገራለን? ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ቡና» ብቻ ነው። እንደገና ማኅደር ጋ፣ እንደገና ራፋኤል ጋ ደወልኩ። አባዬ በደወልኩ ቁጥር ፊቴን ነበር የሚያየው።

ኡርጌሳ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከበር ሲገባ «ደረሰች አይደል?» ብሎ ነው የጀመረው። ፊታችንን አይቶ ስልኩን አወጣ። የአየር መንገዱን ገጽ ከፈተ። እኔም በትከሻው አሻግሬ አየሁ። መድረሻ ሰዓት አሥራ ስድስት ይላል፤ የስልኩ ሰዓት አሥራ ስድስት ከሃምሳ ነው። ከሥሩ ደግሞ በጉዞ ላይ ይላል።

«ምን ይላል?» አለ አባዬ።

«ገና አየር ላይ ናት ይላል።»

«መድረስ አልነበረባትም?»

«ነበረባት። ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ይዘገያል።»

አባዬ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ነዳጁስ?» አለ። ኡርጌሳ ገጹን እንደገና ከፈተው። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል የሚያስፈራ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሸሸገው፤ በኋላ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ጣቱን ወጋሁት፤ ቁጥሩ ወርዷል። ሻይ ላይ ስኳር አብዝቼ አማስዬ አቀረብኩለት፤ በእጁ ጀርባ ገፋው። ለመንኩት። ኡርጌሳም ለመነው። ተቆጣሁ፤ ስቆጣ አፌ አያርፍም።

«ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ልጣ? ይኼን ነው የምትፈልገው?»

አባዬ አልተቆጣም። ቀና ብሎ አየኝ። «ሄሊና፣ ትደርሳለች ባልኩበት ሰዓት አልደረሰችም። አሁን ከበላሁ፣ ሞታለች ብዬ ነው የበላሁት ማለት ነው። ይኼን እንዴት አደርጋለሁ?»

ብርጭቆውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። አምቡላንስ ልጥራ፣ ጎረቤት ልጥራ፣ በግድ ላጠጣው፣ ሁሉንም አሰብኩ። ሰባ ዓመት ያለፈውን አባትሽን አፉን ይዘሽ በግድ ማጠጣት እንዴት ይቻላል?

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የኡርጌሳ ስልክ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ ነበር። ማኅደር።

ፀጉሯ ተንጨባርሯል፣ ዓይኗ አብጧል፣ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል። «ምንድን ነው እሱ ሁሉ ሚስድ ኮል? ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስብኝ አድሮ ገና መተኛቴ ነበር፤ ስልኬን አጥፍቼ። አባዬ ደህና ነው?»

«እማዬ አልደረሰችም» አልኩ።

«እንዴት ትደርሳለች? ገና አራት ሰዓት ይቀራታል እኮ። ራፋኤል ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀበላት ይሄዳል።»

«አሥር ሰዓት ነው የምትደርሰው» አለ ኡርጌሳ። «ትኬቱ ላይ አሥራ ስድስት ይላል፣ ስድስት ሲቀነስ አሥር።»

ማኅደር ለአፍታ አፍጥጣ አየችው። «አሥራ ስድስቱ የእዚህ ነው፣ ኡርጌ። የሳኦ ፓውሎ አሥራ ስድስት ነው። የመነሻው በመነሻው አገር፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። ከዚያ ላይ ስድስት ቀነስክለት?»

ኡርጌሳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ስህተት ለዓመታት አሾፍበት ነበር። ያን ጊዜ ግን በስህተት የተቀነሰው ስድስት ሰዓት የእናቴ ሕይወት ስለነበር ልሳለቅበት አልቻልኩም። አለች ማለት ነው። ገና መንገዷ ላይ ናት።

አባዬ ስልኩን ከኡርጌሳ እጅ ወሰደ። «ማኅደር፣ አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው?»

እሷ ለመናገር ደክሟት ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችለት። ግድግዳው ላይ ትልቅ ክብ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ቆጣሪዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ቆመዋል። አባዬ ክንዱን አነሳና የራሱን የእጅ ሰዓት አየ። ሁለቱም ቆጣሪዎች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ቆመዋል።

«ያው ነው» አለ። «አንቺም ጋ አሥራ ሁለት ነው፣ እኔም ጋ አሥራ ሁለት ነው። ምኑ ነው የተለየው?»

«እዚህ እኩለ ቀን ነው፣ አባዬ።»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት?»

«እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምሩት። የእኛ ጠዋት እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። እኔ እኮ መጀመሪያ ስመጣ በሐበሻ የሞላሁትን ሰዓቴን አልነካሁትም፤ እንዳለ ልክ ሆኖ አገኘሁት።»

አባዬ ይህን የሰማው አልመሰለኝም። ተነስቶ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ በረንዳው ወጣ። እኔና ኡርጌሳ ከኋላው ወጣን። ጥር ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይ በቦሌ በኩል ወርዳ ከወጨጫ ጋራ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። የአባዬ ጥላ በረንዳውን አቋርጦ፣ በበሩ ገብቶ፣ ሳሎኑን አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል።

«ፀሐይዋን አሳዪኝ» አላት።

«ምች ይመታሻል፣ እንዳትወጪ» አልኩ ከኋላው። አራስ ናት፤ ብራዚልም ሆነ የትም፣ ምች ምች ነው።

ማኅደር ራሷ አልወጣችም። እጇን ብቻ በመስኮት አውጥታ ስልኩን ወደ ውጭ አዞረችው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ ቀስ በቀስ ሰከነና የእነሱ በረንዳ ታየ። አንድ የአበባ መትከያ ነበር፤ ትልቅ፣ የሸክላ። ጥላ አልነበረውም። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ከላዩ ስለቆመች ጥላው ሁሉ ሥሩ ተሰብስቧል።

አባዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከምትጠልቀው ፀሐይ ጎን ያዘው። በአንድ ወገን ፀሐይ ልትገባ ነው፣ በእጁ ውስጥ ደግሞ እኩለ ቀን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። ደጋግሞ አየ።

«አንዲት ፀሐይ ናት?»

«አንዲት ናት» አለ ኡርጌሳ።

«አሁን? በዚህች ቅጽበት?»

«አሁን።»

«እኔ ከየረር ጋራ ወጥታ በወጨጫ የምትገባዋን ነው የማውቀው» አለ አባዬ። «ስትገባ ያበቃል ብዬ ነበር።»

ኡርጌሳ በዝግታ መናገር ጀመረ። ሊያስረዳን አልነበረም፤ ለራሱ እያሰላ ነው የሚመስለው። ከቦሌ ሳኦ ፓውሎ ወደ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ምድርን ሙሉ ብትዞራት አርባ ሺህ ነው። እማዬ በአንዲት ትኬት የምድርን ሩብ ትሄዳለች። ስድስት ሰዓት ደግሞ የቀንና የሌሊቱ ሩብ ነው። ለዚህ ነው ፀሐይ ለእኛ ጫፍ ላይ ስትደርስ ለእነሱ አናት ላይ የምትቆመው። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬው፣ ተፈትኜው፣ አልፌዋለሁ። ምድር ክብ ናት ብዬ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። ምድር ክብ መሆኗን ያወቅኩት ግን ያን ጊዜ ነው፤ እግሬ ሥር ስትዞር የተሰማኝ መሰለኝና የበረንዳውን ብረት ያዝኩ። ፈራሁ፣ ደግሞ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን ቤት አንድ ክፍል ገና ያየሁ ያህል ነበር።

«አሰጋሽ አሁን የት ናት?» አለ አባዬ።

«ውቅያኖስ ላይ» አለ ኡርጌሳ። «አፍሪካን ጨርሳለች። ከመንገዱ ሁለት እጁ አልቋል፣ አንድ እጅ ቀርቷታል።»

«እሷ ጋ ፀሐይዋ የት ጋ ናት?»

ኡርጌሳ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «ከእኛ ይልቅ ወደ ማኅደር ቀርባለች። አውሮፕላኑም ፀሐይን እየተከተለ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ቀኑ ቶሎ አያልቅባትም። ከአናት ትንሽ ዘንበል ብላ ነው የምትሆነው፣ አባዬ። በፀሐይ ከሆነ፣ ገና ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«ዘንበል ካለች ምሳ ሰዓት ነው» አለ አባዬ።

ይህን ያለው ለእኛ አልነበረም። በእርሻው ዘመን እማዬ ምሳውን ይዛ ማሳው ድረስ ትመጣ ነበር፤ ሰዓት የላቸውም፤ ፀሐይ ከአናት አልፋ ዘንበል ስትል በሬዎቹን ይፈታና የግራር ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

አባዬ ስልኩን ለኡርጌሳ ሰጠው። ወደ ሳሎን ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ወደ እኔ ዘረጋ። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ማስታጠቢያውን ለማምጣት ሮጥኩ።

መጀመሪያ ሻዩን ጠጣ። ከዚያ በላ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የጀመረው፤ እያየሁት ቀስ በቀስ ሰከነ። ትሪው ላይ ከራሱ ፊት ያለውን ብቻ በላ፤ የእሷን ወገን አልነካም። ውጭ መሸ፣ የኮንዶሚኒየሙ መብራቶች በሩ፣ ታክሲዎች ከታች ይጮሃሉ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከማላውቀው ውኃ በላይ፣ በማይመሽ ቀን ውስጥ የተቀመጠችውን እናቴን ነበር የማስበው። ስኳሩን ስለካው ደህና ሆኗል።

ከአራት ሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አባዬ አልተኛም፤ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጦ ነበር። እኔ ከፈትኩለት። እማዬ ነበረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቷል፣ ከጎኗ ራፋኤል ሻንጣዋን ይዞ ይስቃል፣ ከኋላቸው ሁሉም ነገር በፀሐይ ተሞልቷል።

«ቢቂላ? ምነው ጨለማ ውስጥ? መብራት ጠፋ እንዴ?»

«መብራት አልጠፋም። መሽቷል።»

«በዚህ ቀን?» ዞር ብላ ሰማዩን አየች፤ ተመልሳም እሱን አየችው። «እኔ ጋ አልመሸም። ጠዋት የወጣሁበት ቀን ነው እስካሁን ያለው። አልልቅ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። ኡርጌሳ ነግሮኛል።»

«በላህ?»

«በላሁ። አንቺስ?»

«ሁለት ጊዜ አመጡልኝ፣ ሁለቴም መለስኩት። ያለ ሰዓቱ ነው የሚያቀርቡት፤ አንተንም ትቼ እንዴት እበላለሁ?» ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፤ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። «በኋላ በመስኮት ሳይ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አሁን ቢቂላ እጁን ታጥቧል አልኩና አስተናጋጇን ጠርቼ በላሁ።»

ኡርጌሳ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ ዞርኩ። እሷ ፀሐይ ዘንበል ስትል ሰሚትም ላይ ዘንበል ያለች መስሏት ነው የበላችው፤ እሱ ደግሞ ፀሐይ ሲጠልቅበት፣ እሷ ጋ ገና ዘንበል ማለቷ መሆኑን ሰምቶ ነው የበላው። ኡርጌሳ ሊናገር ሲል ክንዱን ያዝኩት። የአባዬ ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር።

«አዎ» አላት። «ያን ጊዜ ነው የታጠብኩት።»

እሷም አልተገረመች። ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር? ማኅደርን ለማየት እንደቸኮለች፣ ራፋኤል መኪናውን ሊያመጣ እንደሆነ ነገረችው። አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ያንን የእሷን ብርሃን አንድ ጊዜ በደንብ አየው።

«እንግዲህ እኔ ልተኛ ነው፣ አሰጋሽ» አላት። «የቀረውን ቀን አንቺ ጨርሺው።»